በሰው አገር ባልንጀራ ስለ ማፍራት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ ጽሑፍ ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ በስብከት ጊዜ እምብዛም የማይነሣ፥ ነገር ግን በየቀኑ ኑሯችን የምንገናኘው ነው። ይኸውም ከአገራችን ወጥተን በሰው አገር ስንኖር የምንወዳጀው ከማን ጋር ነው? በማዕዳችን ዙሪያ የሚቀመጠው ማን ነው? በኀዘናችንና በደስታችን ቀን በራችንን የሚያንኳኳውስ ማን ነው? የሚለው ጥያቄ ነው።

ይህን የምንጽፈው በዋሽንግተን ከተማና በዙሪያዋ ባሉት በሜሪላንድና በቨርጂንያ የምንኖር ወጣቶች ነን። ከመካከላችን በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር የመጣ አለ፤ በዲቪ ዕጣ የመጣ አለ፤ በሱዳንና በኬንያ የስደተኞች መጠለያ ዓመታት ቆይቶ የመጣ አለ፤ እዚሁ የተወለደም አለ። ሁላችንም በአንድ ነገር እንስማማለን። በዚህ አካባቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ከፈለገ ከሰኞ እስከ እሑድ ከወገኑ ሌላ ሰው ሳያነጋግር መኖር ይችላል። እንጀራውን የሚገዛው ከሀበሻ ሱቅ ነው፤ ፀጉሩን የሚቆርጠው የአገሩ ልጅ ነው፤ ግብሩን የሚሞላለት፥ መኪናውን የሚጠግንለት፥ ቤት የሚያከራየውም አማርኛ ተናጋሪ ነው። ቅዳሜ ሠርግ ወይም ዕቁብ፥ እሑድ ቅዳሴና ጠበል ጻዲቅ አለ።

ይህን ስንል ለመንቀፍ አይደለም። መጀመሪያ በመጣንበት ቀን ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለን፥ የራሱን አልጋ ለቆልን መሬት ላይ የተኛው፥ አውቶቡስ እንዴት እንደሚያዝ፥ ማመልከቻ እንዴት እንደሚሞላ ያሳየን የአገራችን ሰው ነው። እድሩ ባይኖር ኖሮ ስንቱ ሟች ወደ አገሩ ሳይሸኝ በቀረ፥ ስንቷ መበለት ብቻዋን ባለቀሰች ነበር። ቤተ ክርስቲያናችንም ቋንቋችንንና ዜማችንን ጠብቃ ያቆየችልን መጠጊያችን ናት። ስለዚህ የወገንን ፍቅር የሚንቅ ሰው ይህን ጽሑፍ ለራሱ ምስክር አድርጎ እንዳይጠቅሰው አስቀድመን እንለምናለን። የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው። መጠጊያችን መልካም ነው፤ ነገር ግን በር አለው ወይ?

በር ከሌለው ጉዳቱ ሦስት ነው።

አንደኛው ጉዳት ብቸኝነት ነው። በወገን መካከል ሆኖ ብቸኝነት ከየት ይመጣል? የሚል ይኖራል። ልብ ብለን እንመልከት። አንድ አባት በአንድ ፎቅ ላይ ስምንት ዓመት ኖሮ በአጠገቡ የሚኖረውን ሰው ስም ላያውቅ ይችላል። ወዳጆቹ በመኪና አርባ ደቂቃ ይርቃሉ፤ ብዙዎቹም ሁለት ሥራ ስለሚሠሩ በሌሊት ስልክ አያነሡም። ያ አባት በእኩለ ሌሊት ደረቱን ውጋት ቢይዘው ከግድግዳው ማዶ ድምፁን የሚሰማ ሰው አለ፤ እርሱ ግን የሚጠራበት ስም የለውም። አባቶቻችን ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያሉት ለዚህ ነው። ይህን ተረት በአገር ቤት ሁላችን እናውቀዋለን። አውሮፕላን ስንሳፈር ግን ብዙውን ጊዜ ጥለነው እንመጣለን።

ሁለተኛው ጉዳት በልጆች ላይ ነው። ልጁ በትምህርት ቤት ከብዙ አገር ልጆች ጋር ይውላል፤ ከእነርሱ አንዱ እንኳ ግን ቤቱ ገብቶ አያውቅም። ወላጆቹ ጓደኞቹን ስለማያውቋቸው ይፈሯቸዋል፤ ስለሚፈሯቸው ይከለክሉታል፤ ስለሚከለክሉትም ልጁ መደበቅ ይማራል። እንዲህ ሆኖ በቤት አንድ ሰው፥ በውጭ ሌላ ሰው ሆኖ ያድጋል። በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ቢጠፋ፥ አገሩ ወሰደው ይባላል። ጓደኞቹን ከእናቱ ማዕድ ጋር የሚያገናኝ በር ያገኘ ልጅ ግን ሁለቱን ዓለም አንድ አድርጎ መያዝ አይቸግረውም።

ሦስተኛው ጉዳት በነፍስ ላይ ነው። የማያውቁትን ሰው መናቅ ይቀላል። ስለ ጥቁር አሜሪካውያን፥ ስለ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች፥ ስለ እስላም ጎረቤቶች በየቡናው ላይ የሚነገረውን እናውቃለን፤ ሥራ አይወዱም፥ ሌቦች ናቸው፥ አይታመኑም ይባላል። እነዚያው ቃላት በሌላ ማዕድ ላይ ስለ እኛ ስለ ስደተኞች እንደሚነገሩ ብናስብ አፋችን ይያዝ ነበር። ማለዳ ኪዳን አድርሶ፥ ከሰዓት በኋላ በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረውን ሰው በጅምላ የሚሰድብ አንደበት ለነፍሱ አደጋ አለው።

እንግዲህ ቅዱስ መጽሐፍ በሰው አገር ስለሚኖር ሰው ምን ይላል? ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ወገኖቹ ደብዳቤ ልኮላቸው ነበር። በዚያ ዘመን ምርኮው ቶሎ ያልቃልና ሻንጣችሁን አትፍቱ የሚል ዓይነት ስብከት የሚሰብኩ ሐሰተኞች ነቢያት ነበሩ። ኤርምያስ ግን ቤት እንዲሠሩ፥ አትክልት እንዲተክሉ፥ ልጆች እንዲወልዱ፥ ከዚህም አልፎ የተማረኩባትን ከተማ ሰላም እንዲፈልጉና ስለ እርስዋ እንዲጸልዩ አዘዛቸው። የከተማይቱ ሰላም የእነርሱም ሰላም ነውና። ልብ በሉ፤ ባቢሎን ቤተ መቅደሳቸውን ልታፈርስ የተነሣች ከተማ ነበረች። እኛን ያስጠጋችን ከተማ ግን አላፈረሰችንም። ለባቢሎን ጸሎት ከታዘዘ፥ ለዚህች ከተማ ሰላምታ መከልከል እንዴት ይሆንልናል?

ዳንኤልንና ሦስቱን ወጣቶች እንመልከት። እነዚህ ልጆች በባዕድ ቤተ መንግሥት የከለዳውያንን ጽሕፈትና ቋንቋ ተምረዋል፤ በአዲስ ስምም ተጠርተዋል። በንጉሡ ማዕድ ግን አልረከሱም፤ ጥራጥሬና ውኃ ለመኑ። ሲለምኑም በትሕትናና በብልሃት ነበር፤ የአሥር ቀን ፈተና እንዲደረግላቸው ጠባቂውን ጠየቁት፤ በጠባቂዎቹም አለቃ ፊት ሞገስ አግኝተው ነበር። ከዚህ የምንማረው ከባዕዳን ጋር መኖርና እምነትን መጠበቅ የማይጣሉ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ዳንኤል ጾሙን የጠበቀው ከሰዎቹ ተደብቆ ሳይሆን ለሰዎቹ አስረድቶ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ለጥያቄያችን መልስ የምናገኘው በአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን ነው። የሐዋርያት ሥራ በ13ኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ በዚያች ከተማ አብረው ይጾሙና ያገለግሉ የነበሩትን አምስት ሰዎች በስም ይቈጥራል። በርናባስ የቆጵሮስ ደሴት ተወላጅ ሌዋዊ ነው። ስምዖን ኔጌር ይባላል፤ ይህም በሮማይስጥ ጥቁር ማለት ነው። ሉክዮስ በሰሜን አፍሪካ ካለችው ከቀሬና የመጣ ነው። ምናሔ ከገዥው ከሄሮድስ ጋር ያደገ የቤተ መንግሥት ሰው ነው። ሳውል ደግሞ የጠርሴስ ልጅ፥ የፈሪሳውያን ተማሪ የነበረ ነው። በዘር፥ በአገርና በኑሮ እንዲህ የተራራቁ ሰዎች በአንድ ማዕድ ዙሪያ ተሰበሰቡ። የክርስቶስ ተከታዮች መጀመሪያ ክርስቲያን ተብለው የተጠሩት በዚህችው ከተማ ነው። እኛ እንደሚመስለን፥ አይሁድ ወይም ግሪኮች ብሎ መጥራት ስላልተቻለ አዲስ ስም አስፈለገ።

በዚያችው በአንጾኪያ አንድ ከባድ ነገርም ደርሷል። ቅዱስ ጴጥሮስ ከአሕዛብ ከመጡት ምእመናን ጋር ይበላ ነበር። ከኢየሩሳሌም ወገኖቹ በመጡ ጊዜ ግን እነርሱን ፈርቶ ከማዕዱ ራቀ፤ በርናባስ እንኳ ተከተለው። ቅዱስ ጳውሎስም በሁሉ ፊት ተቃወመው፤ ይህንም ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት ላይ እናገኛለን። ጴጥሮስ ከማዕዱ የራቀው አሕዛብን ጠልቶ አይደለም። የገዛ ወገኖቹን ፈርቶ ነው። የእኛም ነገር ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። የክፍል ጓደኛችንን ወደ ሠርግ ወይም ወደ በዓል እንዳንጋብዝ የሚከለክለን ጥላቻ አይደለም፤ ሰው ምን ይለናል? የሚለው ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ መልካም ልጓም ነው፤ ነገር ግን ወንጌልን እስከ መያዝ ሲደርስ ልጓምነቱ ይቅርና ሰንሰለት ይሆናል።

አንዳንድ ሰው ከባዕድ ጋር መወዳጀት ባህላችንን ያጠፋል ይላል። ይህን የሚል ሰው የባህላችንን ታሪክ እንዲመረምር እንጠይቀዋለን። በ4ኛው መቶ ዓመት ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የተባሉ ሁለት የጢሮስ ልጆች በቀይ ባሕር ዳርቻ የመርከባቸው ሰዎች ተገድለው እነርሱ ብቻ ተረፉ፤ ወደ አክሱም ንጉሥ ቤትም ተወሰዱ። በዚያ አድገው በንጉሡ ዘንድ ተወደዱ። ፍሬምናጦስ በኋላ ወደ እስክንድርያ ሄዶ ከቅዱስ አትናቴዎስ ጵጵስና ተቀብሎ ተመለሰ። ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማ የምንለው ይህን ስደተኛ ነው። ከእርሱም በኋላ በ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም ከሮም ግዛት ምሥራቃዊ አገሮች የመጡት ተስዓቱ ቅዱሳን ገዳማትን መሠረቱ። አባ አረጋዊና አባ ገሪማ በእኛ አፍ የአገር ልጅ ሆነዋል እንጂ መጻተኞች ነበሩ።

በ615 ደግሞ ከመካ የተሰደዱትን የመጀመሪያዎቹን ሙስሊሞች የአክሱም ንጉሥ ተቀብሎ አስጠግቷቸዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ከእልቂት የተረፉ 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን አግኝተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ ሙዚቃ የሚጫወቱ ነበሩና አርባ ልጆች ተብለው ታወቁ። የእነርሱ መሪ የነበረው ኬቮርክ ናልባንዲያን በዮፍታሔ ንጉሤ ግጥም ላይ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን የሕዝብ መዝሙር ዜማ ደርሷል። አያቶቻችን ቆመው የዘመሩት መዝሙር አንድ ስደተኛ የደረሰው ነው። እንግዲህ ባህላችን መጻተኛን ወዳጅ በማድረግ የተሠራ ከሆነ፥ ዛሬ እኛ መጻተኞች ስንሆን በወዳጅነት ይጠፋል ብለን ለምን እንፈራለን?

አሁን ወደ ራሳችን ጎረቤቶች እንመለስ። ከሁሉ በፊት ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን መናገር ይገባናል፤ ዕዳ አለብንና። በ1924 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ለየአገሩ ኮታ አውጥቶ ለኢትዮጵያ የመደበው በዓመት 100 ብቻ ነበር። ይህ የኮታ ሥርዓት የፈረሰው በ1965 ሕግ ነው። ያ ሕግ የወጣው ከ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግ በኋላ፥ ጥቁር አሜሪካውያን በውሻና በውኃ ጎርፍ እየተመቱ፥ እየታሰሩና እየተገደሉ ዘርን ከዘር የሚለየውን ሥርዓት ባናወጡበት ዘመን ነው። እኛ የገባንበትን በር በመክፈት የእነርሱ ደምና ላብ አለበት።

ከዚያም በፊት ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን ልትወርር በተነሣችበት በ1935 ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን በንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል አገልግሏል፤ ከድል በኋላም ተመልሶ አብራሪዎችን አሠልጥኖ በ1954 በአዲስ አበባ ዐረፈ። በዚህችው በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማረው ዶክተር መላኩ በያን ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊቱን ዶረቲ ሃድሊን አገባ፤ በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽንን አቋቁሞ ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ ነፃነት አስተባበረ። በ1940 አገሩ ነፃ ሳትወጣ ዐረፈ። ይህ ሰው በሰው አገር የመጣ ተማሪ ነበር። የአገሩን ልጆች ብቻ ፈልጎ ቢቀመጥ ኖሮ በመከራው ቀን ለአገሩ የሚጮኽለት ማን ነበር? እንግዲህ የሮቢንሰንን ወገኖች በንቀት ስም የሚጠራ ኢትዮጵያዊ የሚሰድበው ማንን እንደሆነ ይወቅ።

ቀጥሎ በብዙ ሕንፃዎች ላይ በአንድ ደረጃ የምንወጣና የምንወርድ የኤል ሳልቫዶር ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ ወይም ወላጆቻቸው ከ1980 እስከ 1992 ከነበረው የእርስ በርስ ጦርነት የሸሹ ናቸው። ከእኛ አባቶች መካከል በዚያው ዘመን ከጦርነትና ከእስር የሸሹ ስንት ናቸው! ሊቀ ጳጳሳቸው ኦስካር ሮሜሮ ለድሆች ስለ ተናገሩ መጋቢት 24 ቀን 1980 በመሠዊያው ፊት እየቀደሱ ሳለ በጥይት ተገደሉ። እኛም በዚያው ዘመን፥ በ1979፥ ፓትርያርካችን አቡነ ቴዎፍሎስ በመንግሥት እጅ ተገድለዋል። ከበቆሎ ዱቄት የሚጋግሩትን ፑፑሳ እንደ እኛ በእጃቸው ቆርሰው ይበላሉ። ስለ አባቶቻችን ሞት ተቀምጠን ብንጫወት እኛና እነርሱ ምን ያህል በተግባባን ነበር! የሚለየን አንድ ግድግዳ ብቻ ነው።

በእምነት አንድ የሆኑንንም አንርሳ። በጥር ወር 1965 የግብጽ፥ የሶርያ፥ የአርመን፥ የሕንድና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት አባቶች በአዲስ አበባ ተሰብስበው ስለ አንድነታቸው ተመካክረዋል። የእነዚያ አብያተ ክርስቲያናት ልጆች ዛሬ በዚህ አገር አሉ። አባቶቻችን በአዲስ አበባ የተገናኙትን ያህል ልጆቻቸው በአንድ ከተማ እየኖሩ ካልተገናኙ ያሳዝናል። በግእዝ የሚቀድሱት የኤርትራ ወንድሞቻችንማ ከእኛ ጋር ቅዳሴያቸው እንኳ አንድ ነው። ከዚህም ሌላ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። የሌላ ብሔረሰብ ቋንቋ ከሚናገር ኢትዮጵያዊ ጋር ቡና አልጠጣም የሚል ሰው ስለ ዓለም ሕዝቦች ወዳጅነት ቢያወራ ከንቱ ነው። በሩ መከፈት ያለበት መጀመሪያ ከዚያ ነው።

አሁን ምን እናድርግ? የሚለውን በአጭሩ እንግለጽ።

አንደኛ፤ ከቅርብ እንጀምር። በፋሲካ ወይም በገና ቀን ድፎ ዳቦ ቆርሰን የጎረቤታችንን በር እናንኳኳ። ስማችንን እንንገረው፤ ስሙን እንጠይቀው፤ በትክክል መጥራትም እንማር። የእኛን ስም ሲያበላሹብን የሚሰማንን እናውቃለንና።

ሁለተኛ፤ መስጠት ብቻ ሳይሆን መለመንም እንልመድ። ጌታችን ከሳምራዊቷ ሴት ጋር ንግግር የጀመረው ውኃ አጠጪኝ ብሎ ነው። አይሁድ ከሳምራውያን ጋር በማይተባበሩበት ዘመን መጀመሪያ ለማኝ የሆነው እርሱ ነው። እኛም ደብዳቤ አንብብልኝ፥ ይህን ዕቃ አግዘኝ፥ ልጄን እስክመጣ ጠብቂልኝ ማለት ውርደት አይደለም። ሰው የረዳውን ሰው ይወድዳል።

ሦስተኛ፤ የአገሩን ጠባይ ሳንመረምር አንቀየም። በእኛ ዘንድ ወዳጅ ሳይቀጠር ይመጣል፤ እንብላ ሳይባል ምግብ አይነካም፤ ሒሳብ ለመክፈል ይታገላሉ። በዚህ አገር ቀጠሮ ይያዛል፤ ሒሳብ እየራስ ይከፈላል፤ ደኅና ነህ ብሎ መልሱን ሳይጠብቅ የሚያልፍ ሰው ይገኛል። ይህ ጥላቻ አይደለም፤ ልማድ ነው። እኛም ሦስት ጊዜ ጉርሻ ካልተቀበልክ ብለን እንግዳውን ስናስጨንቀው ፍቅራችንን ላይረዳው ይችላል።

አራተኛ፤ ጾማችንን አናፍርበት። ሥጋ፥ ወተት፥ ቅቤና ዕንቁላል አልበላም፥ ይህ የጾም ወራት ነው ብሎ መናገር ወዳጅነትን አያፈርስም። በረመዳን የሚጾመው ጎረቤታችን ነገሩን ፈጥኖ ይረዳል፤ ሥጋ የማይበላው ሕንዳዊም ነገራችንን በቀላሉ የሚረዳ ሰው ነው። አብሮ መብላት ያልተቻለበት ቀን ቢኖር አብሮ መቀመጥ ይቻላል። ወደ ኃጢአት የሚጠራ ወዳጅነት ቢመጣ ግን፥ የሚጠራን የአገራችን ልጅም ይሁን የሌላ፥ እንደ ዳንኤል እንቢ እንበል።

አምስተኛ፤ ወደ ለቅሶ እንሂድ። እኛ በዚህ ከማንም በላይ የሠለጠንን ነን። የሥራ ባልደረባችን እናት ብትሞትበት ሄዶ ዝም ብሎ አጠገቡ መቀመጥ ቋንቋ አይጠይቅም። ብዙ ሰው በዚህ አገር ኀዘኑን ብቻውን ይወጣዋል። ከእድራችን የተማርነውን ለጎረቤታችን ብናደርግለት በዕድሜው አይረሳውም።

ስድስተኛ፤ የጋበዝነውን እንግዳ በመካከላችን አስቀምጠን በአማርኛ ብቻ አንጫወት። አንዱ አጠገቡ ይቀመጥና ያስተርጉምለት። ደግሞም ከየአገሩ ወዳጅ አለኝ ለማለት ሰውን አንሰብስብ፤ ሰው ቴምብር አይደለም። በመከራው ቀን የምንደርስለት አንድ ወዳጅ በፎቶግራፍ አብረውን ከሚታዩ አሥር ይበልጣል።

ሰባተኛ፤ እንቢታ ቢገጥመን አንመለስ። ዳቦውን ሳይቀበል በሩን የሚዘጋ ሰው ይኖራል፤ በቀለማችን ወይም በአነጋገራችን የሚሰድበን አይጠፋም። ይህ ያማል፤ አያምም ብለን አንዋሽም። ነገር ግን ከአንዱ ስድብ የተነሣ ሁሉን መፍረድ እኛ የምንጠላውን ፍርድ መልሶ መፍረድ ነው። አባታችን አብርሃም በቀትር በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ መንገደኛ ይጠባበቅ ነበር፤ እርሱም ራሱ በዚያች ምድር መጻተኛ ነበረ። ሦስቱ እንግዶች ሲመጡ ከየት አገር ናችሁ ብሎ አልጠየቃቸውም፤ እግራቸውን የሚታጠቡበት ውኃ አቀረበ እንጂ።

አንድ ምሳሌ ጨምረን እንፈጽም። ነቢዩ ኤርምያስ በጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ተጥሎ በተራበ ጊዜ ያወጣው ከወገኖቹ አንዱ አልነበረም፤ በንጉሡ ቤት የሚያገለግለው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። ወደ ንጉሡ ገብቶ ስለ እርሱ ተናገረ፤ ሠላሳ ሰዎችም ይዞ ሄደ። ገመዱ የነቢዩን ብብት እንዳይጎዳው አሮጌ ጨርቅ ፈልጎ አብሮ አወረደለት። ይህ ሰው በባዕድ አገር የሚኖር መጻተኛ ነበር። ማንም አላዘዘውም፤ ጉዳዩም የወገኑ ጉዳይ አልነበረም። እግዚአብሔር ግን አልረሳውም፤ ከተማይቱ ስትጠፋ ነፍሱ እንደምትድን በዚያው በነቢዩ አፍ ተስፋ ተሰጠው። በቅዱስ መጽሐፍ የእኛ አገር ሰው በሰው አገር ሲኖር እንዲህ ነው የተጻፈለት። በዙሪያችን በጉድጓድ ውስጥ ያለ ጎረቤት ስንት ይሆን? ገመድና ጨርቅ ይዞ ለመሄድ መጀመሪያ ጉድጓዱ የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያንን ለማወቅ ደግሞ ከቤት መውጣት ያስፈልጋል።

በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን የአንድ ጎረቤታችንን ስም እንወቅ፤ በጸሎታችንም በዚያ ስም እናስበው። በበዓለ ኀምሳ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩትን በአንድ መንፈስ ያስተባበረ አምላክ፥ እኛንም ከጎረቤቶቻችን ጋር በፍቅር ያስተባብረን። ያስጠጋችንን ከተማ በሰላም ይጠብቅልን፤ አገራችንን ኢትዮጵያንም በምሕረቱ ይጎብኝልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።